ሁለት ተጫዋች ብቻ ሲኖራችሁ ውጊያውን እንዴት ነው የምትመጥኑት?

ባለ20ገጽ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እርዳታ ፈልጌ ነው የመጣሁት። ወቀሳም ካለ እቀበላለሁ።

የምንጫወተው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው (አንድ መሪ ታሪኩን ይዞ፣ ሌላው ገጸ ባሕርይ ሆኖ በዳይስ የሚጫወተው)፤ 5ኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሕግ። የምመራው እኔ ነኝ። ተጫዋቾቼ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ታናሽ እህቴና የሥራ ባልደረባዋ። መጀመሪያ አምስት ነበርን። አንዱ አገባ፣ አንዱ ማታ ትምህርት ጀመረ፣ እኛ ቀረን። እህቴ ጠንቋይ ናት፣ ባልደረባዋ ተዋጊ ትጫወታለች። ሁለቱም ሌቭል 2።

ባለፈው ቅዳሜ ጫካ ውስጥ አራት ተኩላ ለቀቅኩባቸው። ዝም ብዬ አይደለም፣ አስልቼ ነው። አንድ ተኩላ 50 ኤክስፒ (ጭራቁ የሚያወጣው ነጥብ)፣ አራቱ 200። ለሌቭል 2 ሰው መካከለኛ ውጊያ 100 ነው ይላል መጽሐፉ፤ ለሁለት ሰው 200። ልክክ አለልኝ።

በሦስተኛው ዙር ሁለቱም መሬት ላይ ነበሩ። ተዋጊው 20 ኤችፒ (የሕይወት ነጥብ) እና ጥሩ ጋሻ ነበረው። ግን ተኩላ ባልደረባው አጠገቡ ካለ ሁለት ዳይስ ወርውሮ የሚሻለውን ይወስዳል፤ ሲነክስ ደግሞ ይጥላል። የእህቴ ጠንቋይ 14 ኤችፒ ነበራት። የተኩላ ንክሻ አማካይ ጉዳቱ 7 ነው። ሁለት ሰባት አሥራ አራት። ሒሳቡ ራሱ ያሾፍብኛል።

እህቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። እሑድ ቡና ተፈልቶ እኔ የተጠራሁት በረካ ላይ ነው። አቦልና ቶናው አለፈኝ።

ሰንጠረዡ ነው የተሳሳተው ወይስ እኔ?

ቁጥር_ወዳድ፦
አንተ ነህ ወንድሜ። አትቀየም።

ሰንጠረዡ ሁለት እርምጃ አለው፤ አንተ አንደኛው ላይ ቆምክ። ኤክስፒውን ከደመርክ በኋላ በጠላት ብዛት ታባዛዋለህ። ሁለት ጠላት ከሆነ በ1.5፣ ከሦስት እስከ ስድስት በ2፣ ከሰባት እስከ አሥር በ2.5። ስለዚህ 200 ያልከው 400 ሆነ።

ገና አላለቀም። እዚያው ገጽ ላይ ሰው ሁሉ የሚዘላት አንዲት መስመር አለች። ቡድኑ ከሦስት ሰው በታች ከሆነ ቀጥሎ ያለውን ከፍተኛ ማባዣ ውሰድ ትላለች። ያንተ 2 ወደ 2.5 ወጣ። 500 ማለት ነው።

ለሌቭል 2 ሰው «ገዳይ» የሚባለው መነሻ 200 ነው፣ ለሁለት 400። አንተ 500 አቀረብክ። መካከለኛ ያልከው ከገዳይም በላይ ነበር። እህትህ በረካውን መስጠቷ ራሱ ደግነት ነው።

ሽሮ_በርገር፦
«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለተኩሎቹ ነበር ማለት ነው 😂

ባለ20ገጽ፦
@ቁጥር_ወዳድ ኧረ ጉድ! ያቺን መስመር አሁን ገልጬ አየኋት። እውነትም አለች። አዲሱን መጽሐፍ ብጠቀም ይሻለኝ ነበር?

ቁጥር_ወዳድ፦
እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስቀው። የ2024ቱ መጽሐፍ ማባዣውን ጭራሽ አንስቶታል። ዝቅተኛ፣ መጠነኛ፣ ከፍተኛ የሚል ሦስት የኤክስፒ በጀት ብቻ ነው ያለው። ሌቭል 2 ላይ በሰው 100፣ 150፣ 200። በዚያ ሒሳብ አራቱ ተኩሎችህ ለሁለት ሰው ልክ 200 ናቸው፤ ማለትም «ዝቅተኛ»።

ተኩሎቹ እነዚያው፣ ሰዎቹ እነዚያው። አንዱ መጽሐፍ ገዳይ ይላል፣ ሌላው ቀላል። ለአራትና ለአምስት ሰው አዲሱ የተሻለ ነው፣ በተለይ ለማስላት። ለሁለት ሰው ግን እኔ አሮጌውን ነው የማምነው።

ጨረቃ_ዲኤም፦
ሦስት ዓመት ለሁለት ሰው መርቻለሁ፤ ባለቤቴና የእሱ ወንድም። ሰንጠረዥ ማየት ያቆምኩት በአንደኛው ዓመት ነው። አሁን የምቆጥረው ተራ ነው። በአንድ ዙር እነሱ ስንት ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ፣ ጠላት ስንት ጊዜ? ያንተ ጫካ ውስጥ 2 ለ 4 ነበር። እዚያው አልቋል፤ ኤክስፒው ምንም ቢል።

ግን ብዙ ሰው ይህን ይሰማና «እሺ፣ አንድ ትልቅ ጭራቅ አመጣለሁ» ይላል። እኔም ብዬ ነበር። ኦገር አመጣሁ፣ ሌቭል 3 ላይ። ምን እንደሚሆን ላሳያችሁ።

ኦገር 59 ኤችፒ አለው። አንድ ተጫዋች የሚስተውንም አስልተን በዙር በአማካይ 6 ያደርሳል እንበል። አራት ሰው በዙር 24፤ በሦስተኛው ዙር ኦገሩ ወደቀ። ሁለት ሰው በዙር 12፤ አምስት ዙር ይፈጃል። ኦገሩ ሲመታ 13 ነው፣ ግማሹን ያህል ይስታል፣ ስለዚህ በዙር 7 ያህል። ለአራቱ ሦስት ዙር 21 ነው፣ በሰው 5። ለሁለቱ አምስት ዙር 35 ነው፣ በሰው 17 ወይ 18።

አያችሁ? ሰው በግማሽ ቀነሰ፣ የእያንዳንዱ ሸክም ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ውጊያው ይረዝማል፣ ያንን የረዘመ ውጊያ የሚሸከመው ትከሻ ደግሞ ግማሽ ነው። ሁለቱ ይባዛሉ።

ለዚህ ነው «የጭራቁን ኤችፒ በግማሽ ቀንስ» የሚለው ምክር የማይበቃው። ኦገሩን 30 ብታደርገው ሦስት ዙር ይሆናል። 21 ጉዳት ለሁለት ሰው፣ በሰው 10። ከአራቱ ቡድን አሁንም እጥፍ ነው። ኤችፒውንም ጉዳቱንም ነው መቀነስ ያለብህ። እኔ ኤችፒውን ግማሽ አደርግና ትልቁን ዳይስ አንድ ደረጃ አወርዳለሁ። 2d8 የሚለውን (ሁለት ባለ 8 ገጽ ዳይስ ማለት ነው) 2d6፣ መደመሪያውንም ከ4 ወደ 2። ወረቀት ላይ አልጽፈውም፤ ቁጭ ብዬ እያጫወትኩ ነው የምሠራው።

ሌላ አንድ ነገር፣ እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው። ተራ የሚነጥቅ ጭራቅ። ጉል የሚባለውን የሬሳ በላተኛ ታውቁታላችሁ፤ በጥፍሩ ሲነካ ያደነዝዛል። ለማምለጥ የሚያስፈልገው 10 ብቻ ነው፣ ወረቀት ላይ ምንም አይመስልም። ከአራት ሰው አንዱ ቢደነዝዝ ሦስት ቀሩ፣ አንዱ ይሸፍነዋል። ከሁለት አንዱ ቢደነዝዝ ግን የቀረው አንድ ለእናቱ ነው። ከደነዘዘው ሰው አጠገብ ሆኖ የሚመታ ደግሞ ካገኘ ሁሌም ክሪቲካል (የጉዳቱ ዳይስ እጥፍ የሚሆንበት ምት) ነው። ባለቤቴ እንዲህ ሞቶብኛል፤ በሁለት ጉል። ሁለት ብቻ! አሁን የሚያደነዝዝ፣ የሚያስተኛ፣ አስሮ የሚይዝ ነገር ሲኖር ከአንድ በላይ አላመጣም፤ እሱም ቢሆን አንድ ዙር ብቻ እንዲቆይ አደርጋለሁ።

ባለ20ገጽ፦
@ጨረቃ_ዲኤም እህቴ፣ ይህን ለብቻው ለጥፊው እባክሽ። «ይባዛሉ» ያልሽው ነገር አሁን ነው የገባኝ። እኔ ሁለት ሰው ማለት የአራት ሰው ግማሽ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ሌላ ጥያቄ። ዳይሱን ከጀርባ ወርውሬ ብዋሽስ? ተኩላው 18 ሲያወጣ «ሳተ» ብል ማን ያያል?

ሦስተኛዋ_ወንበር፦
እኛ እናያለን 😂

እኔ በሁለት ሰው ቡድን ውስጥ ተጫዋች ነኝ፣ መሪ አይደለሁም። አምስት ሰው ሲሆን የመሪው ውሸት ይደበቅ ይሆናል። ሁለት ሰው ፊት ለፊትህ ተቀምጦ፣ ዳይሱን አይተህ ፊትህ ጥቁር ብሎ «ሳተ» ስትል ግን እናውቃለን። አንዴ ካወቅን በኋላ መፍራት እናቆማለን። ፍርሃት ከሌለ ደግሞ ምኑን ተጫወትነው?

የኛ መሪ አሁን በግልጽ ነው የሚወረውረው። ዳይሱ ሲከፋ በሌላ መንገድ ነው የሚያተርፈን። ሽፍቶቹ አይገድሉንም፣ አስረው ይወስዱናል። አንዴ እንደውም እስሩ ከውጊያው በልጦ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ለማምለጥ ስናሴር ነበር።

የድሮው_ተጫዋች፦
ልጆች፣ ሰላም ናችሁ? እኔ እንኳ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር።

ለመሆኑ መመጠን አለበት ያላችሁ ማነው? እኔ የጀመርኩት እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው፣ ቀይ ሽፋን ባለው የዚሁ ጨዋታ መነሻ ሕግ ነው፤ ውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ። የዚያ ዘመን ጠንቋይ ኤችፒው አንድ ባለ 4 ገጽ ዳይስ ነበር። እኔ 1 አውጥቼ አንድ ድመት ብትቧጭረኝ የምሞት ሰው ይዤ ገብቻለሁ። ሰንጠረዥ የሚያድነኝ አልነበረም። ያዳነኝ ሌላ ነገር ነው።

አንደኛ፣ ጭራቅ ሲያጋጥም መሪው ሁለት ባለ 6 ዳይስ ወርውሮ ስሜቱን ያይ ነበር። ሊያጠቃ ይችላል፣ ሊያመነታ ይችላል፣ ሊወዳጅም ይችላል። የተገናኘ ሁሉ አይዋጋም።

ሁለተኛ፣ ሞራል የሚባል ነገር ነበር። ከጠላት ወገን የመጀመሪያው ሲሞት፣ ከዚያም ግማሹ ሲያልቅ፣ መሪው ሁለት ዳይስ ይወረውራል። ከጭራቁ የሞራል ቁጥር በላይ ከወጣ ይሸሻሉ። አሁን ልጄ ባለ20ገጽ፣ ተኩላ አውሬ ነው። እራቱን ፈልጎ የመጣ አውሬ ጓደኛው ሲሞት አይቶ ለምን እስከ መጨረሻው ይዋጋል? ለማን ክብር ብሎ? ሁለቱ ሲወድቁ ሁለቱ በሸሹ ነበር። ውጊያህ በግማሽ አጠረ ማለት ነው፤ አንድም ቁጥር ሳትነካ።

ሦስተኛ፣ ሁለት ሆነን ገብተን አናውቅም። ፋኖስ የሚይዝ፣ ጦር የሚይዝ ሰው በደመወዝ እንቀጥር ነበር። አንዳንዱ ይከዳናል፤ እሱም ጨዋታ ነው።

ባለ20ገጽ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሞራሉን ነገር ዛሬውኑ እወስደዋለሁ።

ግን አንድ ነገር አለ። እህቴ መሸሽ አትወድም። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ «እሺ» ስትል ውላ ነው የምትመጣው። ቅዳሜ እሳት መወርወር ነው የምትፈልገው። እንዳትዋጋ ሳይሆን ተዋግታ እንድትተርፍ ነው የምፈልገው።

የድሮው_ተጫዋች፦
ገባኝ። እንግዲያው እሳቷን ትወርውር። ተኩላው ግን ይሽሽ። ማሸነፍ ማለት ሁሉንም መግደል አይደለም በላት።

ፒኤፍ_ወገን፦
ሌላ ጨዋታ አምጡ የሚል ሰው አልመጣም እንዴ? እሺ፣ እኔ ልሁን።

ፓዝፋይንደር 2ኛ እትም ይህን ከመነሻው አስቦበታል። በጀቱ የተሠራው ለአራት ሰው ነው፤ መጠነኛ 80፣ ከባድ 120፣ እጅግ ከባድ 160። ሰው ሲጎድል ከየበጀቱ ይቀነሳል፤ በሰው ከመጠነኛው 20፣ ከከባዱ 30፣ ከእጅግ ከባዱ 40። ስለዚህ ለሁለት ሰው 40፣ 60፣ 80 ይሆናል።

አሁን ከቡድኑ በሁለት ሌቭል የሚበልጥ አንድ ጭራቅ ውሰዱ። ዋጋው 80 ነው። ለአራት ሰው መጠነኛ ውጊያ፣ ለሁለት ሰው እጅግ ከባድ። ያው ጭራቅ! ጨረቃ_ዲኤም በኦገር ያሳየችንን ሰንጠረዡ ራሱ ይነግርሃል። በዚያ ላይ እዚህ ጨዋታ ውስጥ ከሚያስፈልገው በ10 ከበለጥክ ክሪቲካል ነው፤ ስለዚህ ሌቭሉ የበለጠ ጭራቅ ቶሎ ቶሎ ክሪቲካል ይመታል። ለትንሽ ቡድን ከነሱ እኩል ወይም ዝቅ ያለ ጠላት ነው የሚሻለው። እኩል ሌቭል ያለው አንድ ጭራቅ 40 ነው፤ ለሁለት ሰው ልክ መጠነኛ።

ሽሮ_በርገር፦
በየክሩ አንድ ፓዝፋይንደር ሰባኪ አይጠፋም። አሜን እንበል መሰለኝ።

ይቅርታ ከርዕስ ወጣሁ እንጂ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ 20 ገጽ ዳይስ የት ይገኛል?

ባለ20ገጽ፦
@ሽሮ_በርገር እኔ የሰው እጅ አይቼ ነው ያገኘሁት፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ። ከዚያ በፊት ከ1 እስከ 20 ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፈን ስኒ ውስጥ እናምስ ነበር፤ እንደ ዕቁብ ዕጣ። ይሠራል። ወረቀቱን መመለስ ብቻ አትርሳ። እኛ 20ን አንድ ሰው ኪሱ ውስጥ ከትቶት ሙሉ ማታ ያለ ክሪቲካል ተጫውተናል።

ሦስተኛዋ_ወንበር፦
ስለ ቅጥረኛው ጋሼ ያሉት ነገር 5ኛው እትም ውስጥም አለ። ሳይድኪክ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ መሪና አንድ ተጫዋች ብቻቸውንም እንዲጫወቱ ታስቦ በወጣው የጀማሪ ሳጥን ውስጥ መጣ፣ በ2020 ሰፋ ብሎ እንደገና ወጣ። ሦስት ዓይነት ነው፦ ተዋጊ፣ ባለሙያ፣ ደጋሚ። ከሙሉ ገጸ ባሕርይ ቀለል ያለ ነው፣ ለመያዝ አያስቸግርም።

ግን አደራ! መሪው አይያዘው። የኛ መሪ መጀመሪያ ራሱ ያዘው። አንድ ባላባት ፈጠረና ውጊያ ላይ ከራሱ ጭራቅ ጋር ራሱ ሲዋጋ፣ ራሱ ሲያወራ፣ ራሱ ሲመልስ፣ እኛ ሁለታችን ፈንዲሻ ይዘን የምንመለከት ተመልካች ሆንን። ኋላ ላይ ተቆጥተን ነጠቅነው። አሁን ሳይድኪካችን አንድ ጭነት ተሸካሚ ነው፣ በየተራ እኔና ጓደኛዬ እናንቀሳቅሰዋለን። በውጊያ አይጠቅምም ማለት ይቻላል። ሥራው አንድ ነው፤ ሰው ሲወድቅ የፈውስ መጠጥ ማጠጣት።

ያ አንድ ሥራ ሁለት ሰው ላለበት ቡድን ነፍስ ነው። በ2014ቱ ሕግ መጠጥ ማጠጣት የተራህን ዋና ድርጊት ይበላል። ጓደኛህ ወድቆ አንተ ስታጠጣው ማንም አይዋጋም። በ2024ቱ ቦነስ አክሽን (ከዋናው ድርጊት ጋር የሚጨመር ትንሽ ድርጊት) ሆኗል፤ አጠጥተህ ትመታለህ። መጽሐፍ ባትቀይሩ እንኳ ይህቺን ብቻ ውሰዷት።

ቁጥር_ወዳድ፦
የመጠጡን ነገር እደግፋለሁ። በጣም። ሳይድኪክ ካስገባህ ግን ሦስተኛ ሰው ሆነ ማለት ነው፤ ስታሰላ ቁጠረው።

ጨረቃ_ዲኤም፦
ሙሉ ሰው ከምትቆጥረው ግማሽ ቁጠረው። ዕድሜ ልኬን ተሸካሚ ኦገር ሲገድል አላየሁም።

ባለ20ገጽ፦
ሁለት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ትናንት ተጫወትን። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

እህቴ አዲስ ጠንቋይ አልፈጠረችም። «የኔዋ አልሞተችም፣ ተኩሎቹ ጎትተው ጥለዋት ሄደው ነው» አለች። ተከራከርኳት፣ ተሸነፍኩ።

ያዘጋጀሁት ይህን ነበር። አንዲት በቅሎ አለች፣ በላይዋ መድኃኒት ተጭኗል። ሲመሽ የከተማው በር ይዘጋል። በሩ ለመዘጋት ስድስት ዙር ቀርቶታል። ሥራቸው በቅሎዋን ማስገባት ነው፣ ማንንም መግደል አይደለም። መጀመሪያ ሦስት ተራ ጅብ ይመጣል፣ እያንዳንዱ 5 ኤችፒ ብቻ። በሦስተኛው ዙር አንድ ግዙፍ ጅብ፣ 45 ኤችፒ። አራቱን አንድ ላይ አላመጣሁም። ጅቦቹ ደግሞ ሰው አይደለም የሚፈልጉት፣ በቅሎ ነው። በቅሎዋን የሚመራ አንድ ልጅ ሰጠኋቸው፣ እነሱ እንዲያንቀሳቅሱት። ግዙፉን ብቻውን አሰላሁት። 200 ኤክስፒ፣ ለትንሽ ቡድን በ1.5፣ ይሆናል 300። ልክ «ከባድ» ላይ። ሌቭል 2 ናቸው፣ ይችሉታል አልኩ። ሦስቱን ትንንሾች ለሞራል ተውኳቸው።

ሞራሉ አላስፈለገም። እህቴ በመጀመሪያ ተራዋ የእንቅልፍ ድግምት ወረወረች። 5d8፣ 21 ወጣ፤ እስከ 21 ኤችፒ ድረስ ያስተኛል ማለት ነው። ሦስቱ ጅብ ተደምሮ 15። ሦስቱም ተኙ። አንድ ሰዓት ያሰብኩበት ነገር በአንድ ተራ አለቀ። እሷ ወንበሯ ላይ ቆማ ስትጨፍር ግን አልከፋኝም።

ከዚያ ግዙፉ መጣ። ሲነክስ አማካዩ 10 ነው። ተዋጊው ሁለቴ ተነክሶ ወደቀ። እህቴ ጸጥ አለች። ያ ጸጥታ ባለፈው ከተኩሎቹ ጋር የነበረው ጸጥታ ነው፣ እና ሆዴ ተንቦጫቦጨ። ልጁ መጠጡን አጠጣው (በአዲሱ ሕግ፣ አመሰግናለሁ ሦስተኛዋ_ወንበር)፣ በቅሎዋን ግን ለቀቃት። በሩ ሁለት ዙር ቀርቶታል። ጅቡ ወደ በቅሎዋ ዞረ።

እህቴ ምን አደረገች? ስንቃቸው ውስጥ ሥጋ እንዳለ ጠየቀችኝ። ቋንጣ አለ አልኳት። «ሐረር ሄጄ አይቻለሁ፣ በእጅ ነው የሚያበሏቸው» አለች። እንጨት ጫፍ ላይ ሰክታ ዘረጋችለት። እኔ ለዚህ የሚሆን ሕግ አላዘጋጀሁም። አውሬ የመግራት ዳይስ አስወረወርኳት፣ ከ15 በላይ አምጪ አልኳት። 16 አመጣች።

ጅቡ ቋንጣውን ሲበላ በቅሎዋ ገባች፣ እነሱም ገቡ፣ በሩ ተዘጋ። ተዋጊው 5 ኤችፒ ቀርቶት ነበር። ዛሬ ጠዋት ቡና ላይ አቦል ደርሶኛል።

የድሮው_ተጫዋች፦
ይሄ ነው እንግዲህ! እህትህን ሰላም በልልኝ።

ጨረቃ_ዲኤም፦
ሦስቱን መጀመሪያ፣ ግዙፉን ኋላ ማድረግህ ነው ያዳናቸው። ባንዴ መጥተው ግዙፉ መጀመሪያ ዙር ላይ ጠንቋይዋን ቢነክሳት እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ለሚቀጥለው ግን የእንቅልፉን ድግምት አስብበት። ትንንሽ ጠላት ባመጣህ ቁጥር ትደግመዋለች።

ቁጥር_ወዳድ፦
አንድ ጥያቄ ብቻ። ጅቡን አልገደሉትም፣ አበሉት። ኤክስፒውን ሙሉ ሰጠህ?

ባለ20ገጽ፦
ሙሉ 200። እህቴ ፊት ቁጭ ብዬ ግማሽ ልበል እንዴ?